የአመድ መድፊያችን ታሪክ፦ ከአቁማዳ እስከ ፌስታል



ዛሬ የማነሳው ታሪክ የነገሥታትም የጦርነትም አይደለም። የቤታችን ጥራጊ ታሪክ ነው። ልጽፈው የተነሳሁት ባለፈው አረፋ ባየሁት ነገር ነው።

ሰባት ሆነን አንድ በሬ ለኡዱሒያ አረድን። በፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ፣ ቁመናው ያማረ በሬ ነበር። ጨጓራውን የሚያጥቡት ሁላችንም «አባ» የምንላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ እኔ ውሃ አፈስላቸዋለሁ። ጨጓራውን ቀደው ሲገለብጡት ከሣሩ መሐል አንድ የተቋጠረ ነገር ወጣ። ጎተቱት፣ አያልቅም። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ክር፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተገምዶ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት ያህላል። አባ ቀና ብለው «ልጆቼ፣ ይኼን በሬ ማን ነው ይኼን ያበላው?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። አንድ ወጣት ብቻ ፈገግ ብሎ «አባ፣ ከተማው ነዋ!» አለ።

በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ የበሬና የበግ ቆዳ ተጥሎ አየሁ። አንዱ የእኛው በሬ ቆዳ ነበር። ቆዳ ገዢ ቢጠበቅ አልመጣም፤ ቢመጣም የሚከፍለው ለጋሪ አይበቃም ተባለና ልጆች ጎትተው ጣሉት። ጠዋት ቢስሚላህ ብለን ለአላህ ያቀረብነው እንስሳ፣ ማታ ግማሹ ቦይ ውስጥ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዐሊይን (ረ.ዐ) ሐዲስ የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሐጅ ያረዷቸውን ግመሎች ሥጋ ብቻ ሳይሆን ቆዳቸውንና ጀርባቸው ላይ የነበረውን ልብስ ጭምር ሰደቃ አድርጎ እንዲያከፋፍል አዘውታል። አብዛኞቹ ዑለሞችም አራጁ የኡዱሒያውን ቆዳ ሸጦ ገንዘቡን መውሰድ አይችልም ይላሉ። ወይ ይጠቀምበታል፣ ወይ ይሰጠዋል። መጣል የሚባል ሦስተኛ ምርጫ በኪታቡ ውስጥ ሲነሳ አላየሁም። ቆዳ ይጣላል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረማ!

በአያቶቻችን ቤት ቆዳ ምን ነበር? የበሬው ተወጥሮ ይደርቅና ቁርበት ይሆናል፤ ይተኙበታል። ተተልትሎ ጠፍር ይሆናል፤ አልጋ ይጠፈርበታል፣ ቀንበር ይታሰርበታል። የፍየሉ ሳይቀደድ ይገፈፍና ስልቻ ይሆናል። አቁማዳው እህል ይይዛል። የበጉ አጎዛ ሆኖ ሼኹ ይቀመጡበታል፣ ይሰግዱበታል። ከዚህ ከእኛ ሰፈር ወደ ሰሜን ትንሽ ሄድ ሲሉ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የታወቀው የይፋግ ገበያ ነበር፤ በአጠገቡም የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር የነበረችው ደሪጣ አለች። በዚያ የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ ስንቁን የሚይዘው በቆዳ ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ዝናብ የነካው ሀብት ሟሙቶ ይቀር ስለነበር፣ ዕቃን ጠቅልሎ መያዝ የነጋዴ ዋና ሙያ ነበር። ስልቻው ሲቀደድ ይጠቀማል፤ መጠቀም ሲያቅተው ተቆርጦ ሌላ ነገር ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሻ ይበላዋል ወይ አፈር ይሆናል።

አንድ ቃል ልጠይቃችሁ። በገጠር ያደጋችሁ፣ እናቶቻችን ጥራጊ የሚጥሉበትን ቦታ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት? «አመድ መድፊያ»። እስኪ ቃሉን አስቡት። ከቤት የሚወጣው ዋናው ነገር አመድ ስለነበር ነው ቦታው በአመድ የተሰየመው። ፍርፋሪው ለዶሮ፣ አጥንቱ ለውሻ፣ ልጣጩና ገለባው ለከብት፣ እበቱ ለኩበት፣ ኩበቱ ለእሳት፤ ከእሳቱ የተረፈው አመድ ነው። አመዱም ዝም ብሎ አይደፋም፤ ዕቃ ይታሸበታል፣ የቀረው ጓሮ ላይ ይበተንና ጎመኑን ያሳምረዋል። የሚጣል ነገር ሁሉ ተቀባይ ነበረው። አያቶቻችን ከእኛ የበለጠ ቁጥብ ወይም የበለጠ አላህን የሚፈሩ ስለነበሩ ብቻ አይመስለኝም። ዕቃቸው ራሱ ከቤት ሲወጣ የሚሄድበት ቤት ነበረው።

እኔ ይህንን የተማርኩት በመድረሳ ነው። ደረሳ ሳለን የምንቀራው በሎሕ ላይ ነበር። ቀለሙን ከጥላሸትና ከሙጫ እንበጠብጣለን። የዕለቱን አንቀጽ ሐፍዘን ለኡስታዛችን ካሰማን በኋላ ሎሑን አጥበን እንደገና እንጽፍበታለን። አንድ እንጨት ስንቱን ደረሳ አስተምሯል! አንድ ቀን ያጠብኩበትን ውሃ በር ላይ ደፋሁትና ኡስታዙ ጆሮዬን ያዙኝ። የቁርኣን ቀለም የነካው ውሃ እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ነው የሚፈሰው። ያን ጊዜ ስለ ጆሮዬ ነበር የማስበው። አሁን ሳስበው ግን ኡስታዙ ያስተማሩኝ ስለ ውሃው ብቻ አልነበረም፤ ከእጅህ የሚወጣ ነገር የት እንደሚያርፍ ማወቅ ያንተ ኃላፊነት ነው እያሉኝ ነበር።

ታዲያ አመድ መድፊያው መቼ ተለወጠ? ለዚህ የታሪክ መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ የዕቃዎቻችንን ስም መቁጠር ይበቃል። መጀመሪያ አቁማዳና ስልቻ ነበር። ከዚያ ከቃጫ የሚሠራው ጆንያ መጣ። ጆንያም ቢሆን ሲያረጅ ይበሰብሳል። በ1960ዎቹ የፋብሪካ ማዳበሪያ ለገበሬው መሰራጨት ጀመረ፤ ቆይቶም ማዳበሪያው በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይመጣ ጀመር። ማዳበሪያው መሬት ውስጥ ገባ፣ ከረጢቱ ግን ቤት ቀረ። ስሙንም ወረሰ። ዛሬ «ማዳበሪያ አምጣልኝ» ስንል ማንም አፈሩን ያዳበረውን ነገር አያስብም፤ ከረጢቱን ነው የሚያቀብለን። በአባ እጅ ከጨጓራው የወጣው ክር የዚህ ከረጢት ክር ነው።

ቅልና እንስራም እንዲሁ ሄዱ። በምትካቸው ጀሪካን መጣ። የስሙ ታሪክ ራሱ ይገርማል፤ ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለነዳጅ የሠሩት የብረት ዕቃ ነበር፣ እንግሊዞች ለጀርመን ወታደር ባወጡለት ቅጽል ስም ጠሩት። ወደ እኛ ቤት ሲደርስ ብረቱ ላስቲክ ሆነ፣ ነዳጁም ዘይትና ውሃ። እውነቱን ለመናገር ጀሪካንን አልወቅሰውም። እንስራ ተሸክመው ወንዝ ለወረዱ እናቶች ወገብ ዕረፍት ነው፤ ቤታችን ውስጥም ዓመታት ይቆያል፣ ሲሸነቆር እንኳ አንገቱ ተቆርጦ መጥለቂያ ይሆናል። ችግሩ ከእሱ በኋላ የመጣው ነው። ሃይላንድ! የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም ላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኗል። ከዚያ በፊት የአምቦ ውሃም ሆነ ለስላሳው የሚመጣው በብርጭቆ ጠርሙስ ነበር፤ ባዶውን ካልመለስክ ባለሱቁ አይለቅህም። ጠርሙሱ ባለቤት ነበረው ማለት ነው። ሃይላንድ ግን ባለቤቱ ጠጥቶ እስኪጨርስ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፌስታል ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል። በ1965 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው በስዊድን ኩባንያ ነው፤ የነደፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ልጁ እንደተናገረው አባቱ የፈለገው ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ነበር፤ እሱ ራሱ ፌስታሉን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ደጋግሞ ይጠቀምበት ነበር። ደጋግሞ! እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሱቅ እስከ ቤት የሚያገለግል ሆነ። እኔ ልጅ ሳለሁ ስኳር የሚጠቀለለው በጋዜጣና በደብተር ወረቀት ነበር። (ያኔ የሼኾቻችን ስጋት የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መጠቅለያ እንዳይሆን ነበር።) ሽንኩርትና ቲማቲም በዘንቢል ነው የሚመጣው። በጣና ዳር ያሉት የወይጦ ሙስሊም ወንድሞቻችን ከደንገል ታንኳና ቅርጫት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ታንኳው ሲያረጅ ውሃው ዳር ይበሰብሳል፣ ማንንም አያስቸግርም።

እንግዲህ በእኔ ግምት የሆነው ይህ ነው። ዕቃው ተለወጠ፣ እጃችን ግን አልተለወጠም። ቅል የሚወረውር እጅ ነው ፌስታሉን የሚወረውረው። ከአጥር ጀርባ ጥለነው ስንመለስ፣ እንደ ድሮው ከብት ወይ አፈር ይቀበለዋል ብለን ነው። ከብቱማ ተቀበለው፣ በጨጓራው አየነው።

እዚህ ላይ «ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር» የሚል ወንድም ካለ አልስማማም። የድሮው ቤት ዕቃ አያባክንም እንጂ ድግስ ያባክን ነበር። ለሠርግና ለሙት ዝክር በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አስይዞ፣ ለዓመታት ዕዳ የሚከፍል ቤተሰብ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘንድ ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የምትገኘው አውራ አምባ የተነሳችው ይህን ከመሰሉ ጥያቄዎች ጋር ነው። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበረሰቡ የሠርግ ድግስንም የሙት ድግስንም ተወ፤ የሞተባቸውን ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት መንደራቸውን ለቀው ቦንጋ ድረስ ተሰደው ተመልሰዋል። በሃይማኖት መንገድ ከእነሱ ጋር እንደማንገናኝ የታወቀ ነው፤ ሶላትና ዒባዳን በተመለከተ የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ሆኖም ሽመናቸውን እየሠሩ «ለአንድ ቀን ድግስ የዓመት ኑሮ ለምን ይፍረስ?» ብለው ጎረቤቶቻቸውን ሲጠይቁ፣ ጥያቄው ከእኛ መምጣት የነበረበት ይመስለኛል። የሰደቃውን የፊቅህ ክርክር ለዑለሞች እተዋለሁ። እኔ የማወራው ከሰደቃው በኋላ ስለሚደፋው ወጥ ነው።

ዑለሞቻችን ኢስራፍና ተብዚርን ይለያሉ። ብዙዎቹ እንደሚሉት ኢስራፍ በተፈቀደው ነገር ልክ ማለፍ ነው፤ ተብዚር ደግሞ ሀብትን በማይገባው ቦታ መበተን ነው። ሱረቱል ኢስራእ 26ኛውና 27ኛው አንቀጽ ላይ የተነሳው ተብዚር ነው፤ እዚያ አባካኞች ከማን ጋር ወንድማማች እንደተባሉ የምታውቁት ነው። የቃሉ ሥር «በዝር» ሲሆን ትርጉሙ ዘር ማለት ነው። ዘርን የት እንደሚወድቅ ሳያዩ መበተን! ይህን ለፎገራ ገበሬ ማብራራት አያስፈልግም። ድንጋይ ላይ፣ መንገድ ላይ የሚዘራ ሰው ቢያይ አበደ ነው የሚለው።

ስለ ዘር ካነሳን፣ ሩዝንም ልጥቀስ። ውሃ ይተኛበት የነበረው ሜዳችን ላይ ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት፤ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተጀመረ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሩዙ ወረታን ከተማ አደረጋት ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከመቶ ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋው ገለፈት ነው። ጭዱን ከብት ይበላዋል፤ ገለፈቱ ግን በየመፈልፈያው ጓሮ እንደ ጉብታ ተከምሮ ይቃጠላል፣ ጭሱንም እኛው እንተነፍሳለን። ጡብ ለሚያቃጥል፣ ጭቃ ለሚያቦካ፣ ለዶሮ ቤት ወለል ለሚፈልግ ሰው ሀብት ነው። አዲሱ «አመዳችን» እሱ ነው፤ መድፊያውን ገና አላበጀንለትም።

የምንጥለው የት ይሄዳል ብሎ መጠየቅም ጥሩ ነው። ሜዳችን በርብና በጉማራ መካከል የተዘረጋ ነው፤ ሁለቱም ወደ ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሜዳውን ሲሞላው ስንቱ ቤቱን ለቆ እንደወጣ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ቦይ ውስጥ የተጣለ ሁሉ በክረምት መንገደኛ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ፌስታል እምቦጭን አልወለደም፣ ይህን እንዳንቀላቅል። እምቦጭ የሚፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው ለም ነገር ነው፤ ከዚያ ውስጥ የእኛ ቤት እጣቢና ሽንት ቤት ድርሻ አለው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ሕዝቡ በዘመቻ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ከመካከላችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። አዲስ አበባም ቆሻሻዋን ከ50 ዓመት በላይ ቆሼ ላይ ስትከምር ኖረች፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። በክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩና ከዚያው ለቅመው የሚያድሩ ድሆች ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

ሕግ የለም ማለትም አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ይከለክል ነበር፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን። በሥራ ላይ ሲውል አላየንም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ሱቃችን እስኪደርስ ድረስ እንግዲህ ቤታችን ምን ያህል ይጥላል? ይህን ጥያቄ ይዤ ከአረፋ በኋላ ራሴ ቤት ገባሁ።

ሁለት ማዳበሪያ ሰቀልኩ፤ አንዱ ለላስቲክ፣ አንዱ ለሚበሰብስ። ለአንድ ሳምንት ከቤት ምንም እንዳይወጣ አልኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ፣ ግን እሺ አለች። በሳምንቱ መጨረሻ ስቆጥር 23 ፌስታልና 9 ሃይላንድ ተገኘ። ወጥ ቤቱን ልወቅስ አፌን ስከፍት «ቆይ እስኪ፣ ይኼ ሁሉ ሃይላንድ ከየት መጣ? እኔ ውሃ ገዝቼ አውቃለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሃይላንዶቹ በሙሉ እኔ ከየዝግጅቱ ይዤ የመጣሁት ነው። ከፌስታሉም 14ቱ የእኔ ነበር፤ አንዳንዱ የያዘው አንድ ሎሚ ብቻ ነው። ሌላው ማዳበሪያ ደግሞ በክብደት ያሸነፈው በሻገተ እንጀራ ነበር። እዚያ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። አያቴ ብታየን ምን ትል ነበር? በእሷ ቤት እንጀራ ከተረፈ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ መንገደኛ ይሰንቀዋል፣ ደረሳ ሲመጣ ይፈረፈርለታል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳላሳምር ልንገራችሁ። እንጀራ በሳምንት አንዴ የሚጋገረው ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይጋገራል፤ ማገዶው ትንሽ ጨምሯል፣ ሻጋታው ግን ጠፍቷል። የሚተርፈውን ባለቤቴ ታደርቀዋለች፤ ልጆቼ ድርቆሽን መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። ዘንቢል ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን ባለሱቁ «ኡስታዝ፣ ወደ ገጠር ሊመለሱ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱን ቻልኩት፤ ያልቻልኩት መርሳቴን ነው። ከሦስት ቀን አንዱን ዘንቢሉን ቤት ረስቼ በፌስታል እመለሳለሁ። ቁራሌው ሲመጣ ሃይላንዱን ይወስዳል፣ ፌስታሉን ግን አይነካውም፤ ፌስታል ዛሬም ተቀባይ የለውም።

ውሃም ለካሁ። በቧንቧ ዉዱእ ሳደርግ ከሥር ባልዲ አስቀመጥኩ፤ 7 ሊትር ገደማ ሆነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ ያደርጉበት የነበረው አንድ ሙድ ነው፤ ከአንድ ሊትር ያንሳል። አሁን በኢብሪቅ ነው የማደርገው። አንድ ሊትር ላይ ገና አልደረስኩም።

በመስጂድ ደግሞ ለሚቀጥለው ረመዳን ኢፍጣሩ በየሰው በላስቲክ ዕቃ ከሚታደል፣ ለአራት ለአራት በአንድ ትሪ ይቅረብ፣ ውሃውም በበርሜልና በኩባያ ይሁን ብለን ሐሳብ አቀረብን። ወጣቶቹ ደስ አላቸው። አንድ ታላቅ ወንድማችን ግን «ሰው ለሰደቃ ብሎ የታሸገ ውሃ ሲያመጣ መልሰው ልትሉት ነው?» አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ኒያው ያማረ ሰው እንዳይከፋው እንፈራለን። እስካሁን አልወሰንንም።

ስለ ቆዳው ግን ወስነናል። የሚመጣው አረፋ፣ ኢንሻአላህ፣ የሰባታችን በሬ ቆዳ ቦይ አይገባም። አባ በልጅነታቸው ቁርበት ሲወጥሩ የኖሩ ናቸው። «እኔ ጉልበት የለኝም፤ ችካል የሚተክልና የሚወጥር ሁለት ወጣት ካመጣችሁ አሳያችኋለሁ» ብለውናል። እስካሁን የተመዘገበው አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።